ከዓባይ ቈላ እስከ ጊኒ ባሕረ ሰላጤ፤ የሣር ቃጠሎ ጭስን በሳተላይት የመከታተል ታሪክ

ከቡሬ ተነሥቶ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከሚሆነው ሜዳማ አገር ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ይህ ቍልቍለት ሁለት ዓይነት የእሳት አገሮችን ይለያል። በላይኛው በኩል፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ በጃቢ ጠህናንና በብር ሸለቆ ዙሪያ ያለው መሬት ከሞላ ጐደል የታረሰ ነው። በዚያ አገር የጤፉ ጭድና የበቈሎው አገዳ ለመኖና ለማገዶ ስለሚሰበሰብ፣ ኩበቱም ለምድጃ ስለሚውል፣ በማሳ ላይ የሚነድ ነገር እምብዛም አይተርፍም፤ እሳቱ የሚኖረው በየቤቱ ምድጃ ውስጥ ነው። በታችኛው በኩል ግን፣ ከወለጋ ቈላ ጀምሮ በመተከል አድርጎ እስከ ሱዳን ጠረፍ ድረስ፣ አባሎ፣ የዕጣን ዛፍ፣ የቈላ ቀርከሃና ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሣር የሸፈነው ሰፊ ምድር ይገኛል። ክረምቱ ያበቀለው ይህ ሣር በኅዳር ደርቆ ይቆማል። ከዚያም አንዳንዱ ለአደን፣ አንዳንዱ ለእርሻ ምንጣሮ፣ አንዳንዱ ለከብት አዲስ ሣር እንዲያቈጠቍጥ፣ አንዳንዱም በቸልተኝነት በሚለኰስ እሳት ይነዳል።

የዚህ ቃጠሎ ጭስ በታኅሣሥና በጥር ወር የሸለቆውን አድማስ አመድማ ያደርገዋል። ቀን ቀን ፀሐይ ያጋለችው የሸለቆ አየር ወደ ተራራው ስለሚወጣ ከጭሱ ጥቂቱ ወደ ደጋው ይደርሳል፤ አብዛኛው ግን የበጋውን የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ተከትሎ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይጓዛል። ወዴት እንደሚደርስ፣ በመንገዱ ላይ ከየትኛው አገር ጭስ ጋራ እንደሚቀላቀል፣ በመጨረሻም ምን እንደሚሆን ለማወቅ የሰው ልጅ ግማሽ ምእት ዓመት ያህል ደክሟል። «እሳት በሌለበት ጭስ አይኖርም» የሚለው ብሂል ለሠፈር የሚበቃ ጥበብ ነው። ጭሱ ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ሲገኝ ግን እሳቱ የማን እንደ ነበር ማወቅ ሌላ ጥበብ ይጠይቃል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚቀርበው የዚያ ጥበብ ታሪክ በአጭሩ ነው። የዘመን አቈጣጠሩ የውጭውን ነገር በሚመለከት እንደ አውሮፓውያን (እ.ኤ.አ.)፣ የአገር ውስጡን በሚመለከት ደግሞ በኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት ይሆናል።

ከሳተላይት በፊት

የአፍሪካ የሣር ቃጠሎ ከጥንት ጀምሮ የመንገደኞችን ዓይን የሳበ ነገር ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው ምእት ዓመት ገደማ እንደ ተደረገ በሚገመተው በካርታጎው መርከበኛ በሐኖ ጉዞ ዘገባ ውስጥ፣ መርከቦቹ በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ሲያልፉ የባሕሩ ዳር ምድር ሌሊት በእሳት ተሞልቶ እንደ ታየ ተጽፏል። ከሊቃውንት አንዳንዶቹ ይህን የእሳተ ገሞራ ነገር ነው ሲሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ በየዓመቱ የሚደረገውን የሣር ቃጠሎ መግለጫ አድርገው ተርጕመውታል።

ስለ ጭሱ ግን ለብዙ ዘመን እምብዛም ጥያቄ አልተነሣም። በጊኒ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ በበጋ የሚታየው ጭጋግ በዚያ አገር ሐርማታን በተባለው ደረቅ ነፋስ ስም ይጠራ ስለ ነበር፣ ከሰሐራ የመጣ አቧራ ብቻ ተደርጎ ይቈጠር ነበር። በውስጡ የተቃጠለ ሣር ጥላሸት መኖሩን የሚለይ መሣሪያ አልነበረም። በምድር ላይ የቆመ ሰው የሚያየው የራሱን አድማስ ብቻ ነው፤ በአውሮፕላን የሚሄደውም ቢሆን አንዱን ቀንና አንዱን መስመር እንጂ አህጉሩን በሙሉ አያይም። ስለዚህ በዓመት ስንት ሄክታር እንደሚቃጠል የሚነገረው ሁሉ ከግምት አያልፍም ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ዓይኖች

ለአየር ጠባይ ጥናት የተሠራችው የመጀመሪያዋ ሰው ሠራሽ ጨረቃ ቲሮስ 1 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 1960 ከአሜሪካ ተላከች። የያዘችው የቴሌቪዥን ካሜራ ነበር፤ የሠራችውም ለ78 ቀናት ብቻ ነው። ዓላማዋ ደመናን ማየት ስለ ነበር ጭስ በምስሏ ላይ ቢኖር እንኳ ከስስ ደመና የሚለይበት መንገድ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 23 ቀን 1972 የተላከችው፣ በኋላ ላንድሳት 1 የተባለችው ሳተላይት ደግሞ ምድርን በ80 ሜትር ገደማ ጥራት ታነሣ ነበር። ነገር ግን ወደ አንድ ቦታ የምትመለሰው በየ18 ቀኑ ነው። የሣር እሳት በአንድ ከሰዓት በኋላ ተነሥቶ በዚያው ሌሊት ይጠፋል፤ ስለዚህ ላንድሳት አብዛኛውን ጊዜ የምታገኘው እሳቱን ሳይሆን ጠባሳውን፣ ማለትም የጠቈረውን ምድር ነበር። በዚህ ሁኔታ የተቃጠለው ስፋት ሊለካ ቢችልም፣ ጭሱ የት እንደ ሄደ ለማወቅ አይቻልም ነበር።

በሌላ በኩል የአሜሪካ የጦር ኀይል የሚጠቀምባቸው የአየር ጠባይ ሳተላይቶች፣ የሌሊትን ደመና በጨረቃ ብርሃን ለማየት የሚያስችል እጅግ ስሜተ ስል መሣሪያ ይዘው ነበር። ምስሎቹ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለሲቪል ተመራማሪዎች ሲለቀቁ ያልታሰበ ነገር ተገኘ። ቶማስ ክሮፍት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው ጽሑፍ እንዳሳየው፣ በሌሊቱ የምድር ምስል ላይ የሚያበሩት ከተሞችና የነዳጅ ጕድጓድ ነበልባሎች ብቻ አልነበሩም፤ የኤሌክትሪክ መብራት እምብዛም በሌለበት በአፍሪካ የሣር ምድርም እንደ ከዋክብት የተበተነ ብርሃን ይታይ ነበር። ይህ የገበሬውና የአዳኙ እሳት ነው።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 1977 የአውሮፓ ሳተላይት ሜትዎሳት 1 ከምድር ወገብ በላይ በ36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ተቀመጠች። የተመረጠላት ቦታ የምድር ወገብና የግሪኒች መስመር የሚገናኙበት ነጥብ፣ ማለትም ራሱ የጊኒ ባሕረ ሰላጤ ነበር። የአፍሪካ ጭስ ብዙው በሚያርፍበት ባሕር ላይ አፍሪካን ያለማቋረጥ የምትመለከት ዓይን ተተከለች ማለት ነው።

ሙቀትን የማየት ጥበብ

የተግባር ለውጥ ያመጣው ግን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1978 በቲሮስ ኤን ሳተላይት ላይ የተጫነው ራዲዮሜትር ነው። ይህ መሣሪያና ተከታዮቹ በኖአ ሳተላይቶች ላይ ሆነው ምድርን በየቀኑ በ1.1 ኪሎ ሜትር ጥራት ይቃኙ ነበር። ከመሣሪያው የብርሃን ክፍሎች አንዱ በ3.7 ማይክሮን፣ ሌላው በ11 ማይክሮን አካባቢ ያለውን ታኅተ ቀይ ጨረር ይለካሉ። ታኅተ ቀይ ማለት ከቀይ ብርሃን ወዲያ የሚገኝ፣ ዓይን የማያየው የሙቀት ጨረር ነው።

የነዚህ ሁለት ክፍሎች ልዩነት እንዴት እሳትን እንደሚገልጥ በቀላል ስሌት ሊታይ ይችላል። ማንኛውም የሞቀ ነገር ሙቀቱ በጨመረ መጠን ብዙውን ጨረሩን ወደ አጭር ሞገድ ያዛውራል። 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ምድር ጨረሩ የሚበረታው በ10 ማይክሮን አካባቢ ሲሆን፣ 527 ዲግሪ የደረሰ የሣር ነበልባል ግን የሚበረታው በ3.6 ማይክሮን ገደማ ነው። በፕላንክ ሕግ መሠረት ሲሰላ፣ ስፋታቸው እኩል የሆነ ነበልባልና ምድር ቢነጻጸሩ፣ ነበልባሉ በ3.7 ማይክሮን የሚሰጠው ጨረር ከምድሩ ከሦስት ሺህ እጥፍ ይበልጣል፤ በ11 ማይክሮን ግን ሃያ እጥፍ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የምስሉ አንድ ነጥብ ከሚሸፍነው 121 ሄክታር ውስጥ ከሺህ አንዱ እጅ፣ ማለትም ወደ 1,200 ካሬ ሜትር የሚሆነው ብቻ ቢነድ፣ በመጀመሪያው ክፍል የነጥቡ ጨረር ከአራት እጥፍ በላይ ያድጋል፤ በሁለተኛው ክፍል ግን ለውጡ ከመቶ ሁለት ያህል ብቻ ነው። ሁለቱን በማነጻጸር ከነጥቡ እጅግ ያነሰ እሳት ሊታወቅ ይችላል።

ማይክል ማትሰንና ጄፍ ዶዝየር የተባሉት ሳይንቲስቶች ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1981 በጽሑፍ አቀረቡ። የመጀመሪያ ምሳሌዎቻቸው የፋርስ ባሕረ ሰላጤ የጋዝ ነበልባሎችና የአሜሪካ የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ዘዴው ወደ ብራዚልና ወደ አፍሪካ ተሻገረ። ችግሩ፣ የኖአ መሣሪያ የተሠራው የባሕርንና የደመናን ሙቀት ለመለካት ስለ ሆነ፣ ፀሐይ የጋለችበት ባዶ መሬትም እሳት መስሎ ይታየው ነበር። በበጋ የሱዳንን ጠረፍ ለሚያነብ ሰው ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም።

ከእሳቱ ወደ ጭሱ

እሳቱን ማየት ሲቻል የጭሱ ጥያቄ ተከተለ። ጥያቄውን በዓለም ሳይንስ ፊት ያቀረበው ፓውል ክሩትሰን የተባለው፣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1995 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት አንዱ የሆነው ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ከባልደረቦቹ ጋራ ባወጣው ጽሑፍ፣ የሣርና የደን ቃጠሎ ወደ አየር የሚያወጣው የካርቦን ሞኖክሳይድና የሌሎች ጋዞች መጠን ከፋብሪካው ዓለም ጋራ ሊነጻጸር የሚችል መሆኑን አመለከተ። እስከዚያ ድረስ የአየር ብክለት የጢስ ማውጫ ያላቸው አገሮች ጉዳይ ብቻ ነበር።

በ1990 ዓመተ እግዚእ ገደማ ጃክ ፊሽማንና ባልደረቦቹ የሳተላይት መረጃን በማጥናት፣ ፋብሪካ በሌለበት በደቡብ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ በየዓመቱ በቃጠሎው ወቅት የኦዞን ክምችት እንደሚገኝ አሳዩ። ከአፍሪካና ከደቡብ አሜሪካ የሚነሣ ጭስ በፀሐይ ብርሃን ሲበስል ኦዞንን ይወልዳል። ይህን ለማረጋገጥ እ.ኤ.አ. በ1992 ሳፋሪ የተባለ ዓለም አቀፍ ጥናት ተደረገ። በደቡብ አፍሪካው ክሩገር ብሔራዊ ፓርክ ተመራማሪዎች ሣሩን አስቀድመው መዝነው፣ ራሳቸው ለኵሰው፣ ጭሱን በምድርና በአውሮፕላን ለኩ። የሰማዩ ምስል በምድሩ ሚዛን መታረም እንዳለበት በዚህ ጊዜ በጕልህ ታየ።

ከዚህ ሁሉ የሚያስደንቀው ግን የቶምስ ታሪክ ነው። ይህ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1978 በኒምቡስ 7 ሳተላይት ላይ የተላከው ኦዞንን ለመለካት ሲሆን፣ የሚሠራው ከሐምራዊ ወዲያ ባለው ዓይን በማያየው ብርሃን ነው። በዚህ ብርሃን ምድር ጨለማ ትሆናለች፤ አየሩ ራሱ ግን ብርሃንን ስለሚበትን ያበራል። ጭስና አቧራ ከታቻቸው የሚመጣውን ይህን ብርሃን ስለሚውጡ በመለኪያው ላይ እንደ ጥላ ይታያሉ። ተራ ደመና ግን ይህን አያደርግም። ጄይ ኸርማንን ጨምሮ የናሳ ተመራማሪዎች ይህን ተረድተው ዘዴውን በጽሑፍ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1996 እና በ1997 ነው። በዚህም ጊዜ መዝገቡን ወደ ኋላ ገልጠው ሲያነቡ፣ የአሥራ አምስት ዓመት የጭስ ታሪክ ተከማችቶ አገኙ። ጭሱ በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲገባ ከደቡብ ሱዳንና ከመካከለኛው አፍሪካ ተነሥቶ ወደ ጊኒ ባሕረ ሰላጤ ሲፈስ ኖሯል፤ መሣሪያው መዝግቦታል፤ የሚያነበው ግን አልነበረም።

የ1992 ዓ.ም. የባሌና የቦረና ቃጠሎ

ናሳ ቴራ የተባለችውን ሳተላይት የላከው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 18 ቀን 1999 ነው። በላይዋ የተጫነው ሞዲስ የተባለው መሣሪያ፣ ከኖአ ራዲዮሜትር በተለየ፣ እሳትን ለመለየት አስቀድሞ ታስቦበት የተሠራ ነበር። ሞዲስ መረጃ መሰብሰብ የጀመረው እ.ኤ.አ. የካቲት 24 ቀን 2000 ነው። በዚያው ሰሞን፣ በእኛ አቈጣጠር በየካቲት 1992 ዓ.ም.፣ በባሌና በቦረና የኢትዮጵያ ደኖች እየነደዱ ነበር።

ያ ዓመት የበልጉ ዝናብ የዘገየበት የድርቅ ዓመት ነበር። በጎባ በኩል የሐረና ደንን፣ በሻኪሶ በኩል ደግሞ የቦረናን ደን የያዘው እሳት ወደ መቶ ሺህ ሄክታር የሚደርስ ስፍራ እንደ ነካ በወቅቱ ተዘግቧል። ይህ ደን የሣር ምድር አይደለም፤ እርጥበት የማይለየው፣ የጫካ ቡና የሚበቅልበት የተራራ ደን ነው። የሣር ምድር በሐምሌ መልሶ ይለመልማል፤ እንዲህ ያለው ደን ግን የአንድ ሰው ዕድሜ ቢጠበቅ አይመለስም።

በጀርመን አገር በፍራይቡርግ የሚገኘው፣ በዮሐን ጎልዳመር የሚመራው የዓለም የእሳት ክትትል ማዕከል የሳተላይት ምስሎችን እያነበበ የእሳቱን ስፍራ ያሳውቅ ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት የውጭ እርዳታ ጠይቆ ከጀርመን፣ ከደቡብ አፍሪካና ከሌሎችም አገሮች ባለ ሙያዎች መጡ። በስፍራው ግን እሳቱን በቅርንጫፍ፣ በአካፋና ቦይ በመቈፈር የተዋጉት ገበሬዎች፣ ወታደሮችና ከየትምህርት ቤቱ የዘመቱ ተማሪዎች ነበሩ። በመጨረሻ እሳቱን ያጠፋው ከመጋቢት ማለቂያ ጀምሮ የወረደው ዝናብ ነው።

በዚያው ዓመት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2000 በአዲስ አበባ በደን እሳት አያያዝ ላይ የምክክር ጉባኤ ተደረገ። ከቃጠሎው የተገኘው ትምህርት ግልጽ ነበር። የእሳቱ ቦታ ከሰማይ ታውቋል፤ በካርታ ላይም ተጠቍሟል። ነገር ግን ከካርታው እስከ ደኑ ያለው መንገድ፣ ማለትም ሬዲዮው፣ መኪናው፣ የሠለጠነው ሰውና የማዘዝ ሥልጣኑ አስቀድሞ አልተዘረጋም ነበር። ማየትና መድረስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ታየ።

የጭሱ መንገድ

ከዚያ ወዲህ ዓይኖቹ በዙ። አኳ የተባለችው ሳተላይት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2002 ተጨመረች። በዋናው የሥራ ዘመናቸው ቴራ ከጠዋቱ 4፡30 ገደማ፣ አኳ ደግሞ ከቀኑ 7፡30 ገደማ፣ ሌሊትም አንድ አንድ ጊዜ በእያንዳንዱ አገር ላይ ያልፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2002 የተላከችው የሜትዎሳት ሁለተኛ ትውልድ ደግሞ አፍሪካን በየ15 ደቂቃው ስለምታነሣ፣ የአንድ እሳት ልደትና ሞት በአንድ ከሰዓት በኋላ ውስጥ ሊታይ ቻለ። የአፍሪካ የሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤቶች የዚህችን ሳተላይት ምስል በቀጥታ እንዲቀበሉ በተደረገው የጋራ ፕሮጀክት ኢትዮጵያም ተካፋይ ሆነች።

የጭሱ ጉዞ ስሌት በመርሁ ቀላል ነው። ከመተከል እስከ ጊኒ ባሕረ ሰላጤ ወደ 3,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ነፋሱ በሰከንድ 6 ሜትር ቢነፍስ በቀን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ስለዚህ መንገዱ ስድስት ቀን ያህል ይፈጃል። በበጋ ጭሱን የሚያጥበው ዝናብ ስለማይኖር ብናኙ ይህን ያህል ጊዜ በአየር ላይ ሊቆይ ይችላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ከአንድ ወር በላይ ስለሚቆይ፣ ብናኙ ከረገፈም በኋላ እንደ አሻራ ሆኖ መንገዱን ያሳያል፤ ይህን ጋዝ የሚለካ መሣሪያ በቴራ ላይ፣ ከ2017 ወዲህም በአውሮፓዊቷ ሴንቲነል 5ፒ ላይ ተጭኗል።

አስቸጋሪው ነገር ከፍታው ነው። ነፋስ በየከፍታው አቅጣጫውን ስለሚለውጥ፣ ጭሱ በስንት ሜትር ላይ እንዳለ ካልታወቀ መንገዱ በትክክል አይታወቅም። ከላይ የተነሣ ፎቶግራፍ ደግሞ ከፍታን አይናገርም። ይህ ክፍተት የተሞላው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። በጥርና በየካቲት የእንግሊዝ የምርምር አውሮፕላን ከኒጀር ዋና ከተማ ከኒያሜ እየተነሣ በአየሩ ውስጥ ሽቅብና ቍልቍል በመብረር፣ አቧራው በታች፣ ጭሱ በላይ ተነባብረው መተኛታቸውን ለካ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ የተላከችው ካሊፕሶ የሌዘር ብርሃን ወደ ታች እየላከች የጭሱን ንብር ከፍታ ከሕዋ መለካት ጀመረች፤ እስከ 2023 ድረስም ሠራች። ለዘመናት በሐርማታን ስም አንድ ሆኖ የኖረው ጭጋግ በዚህ ጊዜ ለሁለት ተከፈለ፤ የሰሐራው ድርሻ ለሰሐራ፣ የሣር ምድሩ ድርሻ ለሣር ምድሩ ተሰጠ።

በዚህ ሒሳብ ከኢትዮጵያ ምዕራባዊ ቈላ የሚነሣው ጭስ ከጠቅላላው ትንሹ እጅ ነው፤ ትልቁ የሚነሣው ከደቡብ ሱዳንና ከመካከለኛው አፍሪካ ሪፑብሊክ ነው። ይሁን እንጂ የዚያ ታላቅ የጭስ ወንዝ ምሥራቃዊ ምንጭ ከጎጃም ተራሮች ግርጌ እንደሚጀምር በምስሎቹ ላይ በየዓመቱ ይታያል።

የማይታየው እሳት

የምዕራብ ጎጃምን የእሳት ካርታ የሚያነብ ባለ ሙያ ሊሳሳት የሚችለው እዚህ ላይ ነው። በጥር ወር ካርታ ላይ ከዓባይ ወዲያ ያለው ቈላ በቀይ ነጥብ ተሞልቶ፣ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ያለው ደጋ ግን ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ከዚህ ተነሥቶ ቈለኛው ምድሩን አጥፊ፣ ደገኛው ጠባቂ ነው ቢባል ፍርዱ የተገለበጠ ይሆናል። ደጋው የማይነደው ከብዙ ዘመን በፊት ተመንጥሮ ስላለቀ፣ የቀረውም ሣርና አገዳ ተለቅሞ ወደ ቤት ስለሚገባ ነው። በየዓመቱ የሚቃጠለው ቈላ ግን በየዓመቱ የሚቃጠል ነገር ስላለው ይቃጠላል፤ ዛፉ ዛሬም ቆሟል።

ይህ የጎጃም ብቻ ነገር አይደለም። ኒልስ አንደላና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት ከ1998 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት በዓለም የሚቃጠለው የመሬት ስፋት በሩብ ያህል መቀነሱን አሳይተዋል። ዋናው ምክንያትም የሣር ምድር ወደ እርሻና ወደ ሠፈር መለወጡ ነው። ስለዚህ በካርታው ላይ የነጥቦች መቀነስ ብቻውን የምሥራች ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው ስሕተት የመጠን ነው። በአውሮፓው ሴንቲነል 2 ሳተላይቶች የ20 ሜትር ምስል ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ የ2016 ዓመት ቃጠሎ እንደ ገና ሲለካ፣ የተገኘው ስፋት በሞዲስ ከታወቀው በ80 በመቶ በለጠ፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። ልዩነቱ የተፈጠረው በትናንሽ እሳቶች ነው። አንድ ገበሬ ለምንጣሮ የለኰሰው ሩብ ሄክታር ሳተላይቷ ካለፈች በኋላ ተነሥቶ ከመመለሷ በፊት ከጠፋ በመዝገቡ ላይ አይገኝም።

ከሁሉም በላይ የማይታየው ግን የምድጃው ጭስ ነው። በአዊ ዞን፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን ግራር በማሳቸው ተክለው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቈርጠው ከሰል ያከስሉታል። ክምሩ በአፈር ተደፍኖ በዝግታ ስለሚብላላ ሙቀቱ ለሳተላይት አይደርስም። በየቤቱ የሚነደው ኩበትና እንጨትም እንዲሁ ነው። ከአህጉር አህጉር የሚሻገረውን ጭስ የሚያየው መሣሪያ፣ እናቶችና ሕፃናት በየቀኑ የሚተነፍሱትን፣ በጤና ረገድ ምናልባት ከሁሉ የከፋውን ጭስ ለይቶ ሊያሳይ አይችልም።

ከምስል እስከ ቀበሌ

በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ማለቂያ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እሳት ተነሣ። ጓሳውንና አስታውን እየበላ እስከ ሚያዝያ ዘለቀ። በዚህ ጊዜ የእሳቱን ነጥብ ለማየት የፍራይቡርግን ማዕከል መጠበቅ አያስፈልግም ነበር፤ ሞዲስና ተተኪው ቪርስ የሚያሳዩት መረጃ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ለማንኛውም ሰው በነጻ ይገኝ ነበር። ሆኖም እሳቱን ለመቈጣጠር ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት ባለ ሙያዎች መምጣት ነበረባቸው። ከባሌው ቃጠሎ ወዲህ ባለፉት 19 ዓመታት ምስሉ እጅግ ፈጥኗል፤ የመድረሻው መንገድ ግን የዚያን ያህል አላጠረም።

በተከታዩ ዓመት፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን የምድር መመልከቻ ሳተላይት ከቻይና አስወነጨፈች፤ የመቀበያ ጣቢያውም በእንጦጦ ተተከለ። 72 ኪሎ ግራም የምትመዝነው ይህች ሳተላይት ለእርሻ፣ ለውሃና ለደን ጥናት የሚሆን ምስል ለማንሣት የተሠራች ነበረች። የዚህ ሥራ ትልቁ ፍሬ ግን ምስል ማንሣት፣ ማረምና ማንበብ የሚችሉ ወጣት ባለ ሙያዎች በአገር ውስጥ መገኘታቸው ነው። የቶምስ ታሪክ እንዳስተማረው፣ አንባቢ የሌለው መዝገብ አሥራ አምስት ዓመት ሊተኛ ይችላል።

አሁን የሚቀረው ሥራ የሕዋ ሥራ አይደለም። የጃቢ ጠህናን ወይም የቡሬ ወረዳ የግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ከዓባይ ማዶ ያለው ወረዳም እንዲሁ፣ የየዕለቱን የእሳት ነጥብ የሚቀበልበት ስልክ፣ ነጥቡ የየትኛው ቀበሌ እንደ ሆነ የሚነግር የቀበሌ ወሰን ካርታ፣ ነጥቡን ሄዶ የሚያረጋግጥ የልማት ሠራተኛ፣ ያረጋገጠውንም መልሶ የሚጽፍበት መዝገብ ያስፈልገዋል። እሳቱ የአደን ነው፣ የምንጣሮ ነው ወይስ የሳተ እሳት ነው የሚለውን ከሰማይ ሆኖ የሚያውቅ መሣሪያ የለም፤ የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው። ነፋሱ በየትኛው ወር ከሸለቆው ሽቅብ እንደሚዞር፣ ሣሩ ሳይጐመራ በኅዳር መጀመሪያ ቢለኰስ እሳቱ ቀዝቃዛና አነስተኛ እንደሚሆን፣ በመጋቢት ቢለኰስ ግን ዛፉን ከሥሩ እንደሚጨርስ ቈለኛው ገበሬ ከአባቶቹ ተምሯል። ይህ እውቀት ከሳተላይቱ መዝገብ ጎን ካልተጻፈ፣ ካርታው ቀይ ነጥብ ከማሳየት አልፎ ማን ምን ማድረግ እንዳለበት አይናገርም።

የጭስ ክትትል ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ አሁን የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ላንድሳት ጠባሳውን አየች፤ ኖአ ሙቀቱን ለየች፤ ቶምስ ጭሱን መዘገበ፤ ካሊፕሶ ከፍታውን ለካች። እያንዳንዷ እርምጃ ትክክለኛ የሆነችው በክሩገር ሣሩን የመዘነ፣ በኒያሜ ሰማይ የበረረ፣ በሐረና ደን ቦይ የቈፈረ ሰው ስለ ነበረ ነው። በምዕራብ ጎጃምና በአጐራባቹ ቈላ የሚደረገውም ከዚህ የተለየ አይሆንም። መሐንዲሱ የቀበሌውን ካርታ፣ የሬዲዮውንና የስልኩን መስመር፣ የመንገዱንና የውሃ ማጠራቀሚያውን ቦታ አስቀድሞ ካዘጋጀ፣ ከሰማይ የሚመጣው ወሬ በሚቀጥለው የደረቅ ዓመት ከእሳቱ ቀድሞ ይደርሳል።